ጨጓራ መስሎኝ ነበር

አንድ ዓመት ሙሉ የጨጓራ መድኃኒት ወስጃለሁ። ኦሜፕራዞል ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። በርበሬ ተውኩ፣ ቡና ተውኩ። ቤታችን ሽሮው ሳይቀር አልጫ ሆነ። ባለቤቴ ማታ የዘፈዘፈችውን ተልባ ጠዋት አጥልላ ታጠጣኝ ነበር። አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለኝ። ሌላው ታይፎይድና ታይፈስ ነው አለኝ፤ ሁለቱ እኛ አገር እንደ መንታ ልጆች አብረው ነው የሚመጡት። ሦስተኛው ጋ በጉሮሮዬ ቱቦ አስገብተው ጨጓራዬን አዩት። ምንም የለበትም።

የያዘኝ ድባቴ ነበር፤ ዲፕሬሽን።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚዞር ሰው አይጠፋም ብዬ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የማውቀው በራሴ ላይ የደረሰውንና በኋላ እየጠየቅሁ፣ እያነበብኩ የተማርኩትን ያህል ነው።

ድባቴ ማለት ማልቀስ ይመስለኝ ነበር። ክፍል ዘግቶ፣ መብራት አጥፍቶ፣ ትራስ ላይ ማልቀስ። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አላለቀስኩም። የእኔ ነገር የታየው ካልሲ ላይ ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ። አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። የቀኝ እግሬን ካልሲ አደርጋለሁ። የግራውን በእጄ እይዛለሁ። ከዚያ እዚያው እቀራለሁ። ካልሲውን አየዋለሁ። ተረከዙ ጋ ሳስቷል። ውጭ የሰርቪሱ መኪና ጡሩምባ ይሰማል፣ ትንሽ ይቆማል፣ ይሄዳል። ባለቤቴ ልጃችንን አለባብሳ፣ ምሳ ዕቃዋን ዘግታ፣ ትምህርት ቤት አድርሳ ስትመለስ እኔ ያው ነኝ። አንድ እግሬ ባዶ፣ ካልሲ በእጄ።

"ምን ሆነሃል?"

"ምንም።"

አልዋሸኋትም። በእርግጥም ምንም ነበር። ሐዘን ቢሆን ኖሮ ስሙን እነግራት ነበር።

ችግሩ ግማሹ ከቃሉ ይመስለኛል። እኛ ሁሉ ነገር ይደብረናል። ኳስ ያለ ጎል ካለቀ ይደብራል። መብራት ሲጠፋ ይደብራል። ያልወደድነው ሰው "ደባሪ" ነው። ታዲያ አንድ ሰው "ደብሮኛል" ቢል ማን ይደነግጣል? "ተነስ ማኪያቶ እንጠጣ" ይባላል፣ አለቀ። ባለሙያዎች "ድባቴ" የሚለውን ቃል ሲጠቀሙ ስሰማ መጀመሪያ ላይ የመጻሕፍት ቋንቋ መስሎኝ ነበር። አሁን ወድጄዋለሁ። ቢያንስ ከዜሮ ለዜሮው ጨዋታ ይለያል።

አባቴ ያረፈው በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። የበኩር ልጅ ነኝ። ድንኳኑን ከእድር ያስመጣሁት፣ ንፍሮውን ያስቀቀልኩት፣ ሰልስቱንም አርባውንም የያዝኩት እኔ ነኝ። እናቴንና እህቶቼን እያቀፍኩ "በቃ፣ በቃ" ስል ከረምኩ። እኔን "በቃ" ያለኝ የለም፣ ስላላለቀስኩ። ሰው ሁሉ "እንዲህ ነው ወንድ ልጅ" እያለ መረቀኝ። ካልሲው የመጣው ከስምንት ወር በኋላ ሰኔ ላይ ነው፤ በጀት ዓመት የሚዘጋበት፣ እኛ ሒሳብ ሠራተኞች ቤት የምንረሳበት ወር።

አባቴ ስለሞተ ታመምኩ ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው አባቱን ቀብሮ አዝኖ፣ አልቅሶ፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ሐዘን በሽታ አይደለም። በኋላ ስጠያይቅ የእናቴ ወንድም በወጣትነቱ ሁለት ዓመት "ሰው ጠልቶ" ቤት ተዘግቶ እንደኖረ ሰማሁ። ያን ጊዜ ማንም በሽታ ብሎ አልጠራውም። ከዘር የመጣ ተጋላጭነት፣ ያልወጣ ሐዘን፣ የሥራ ጫና፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሁሉም ተደራርቦ ነው ያሉኝ። አንዱን ነጥሎ ጥፋተኛ ማድረግ አይቻልም። እኔ ደግሞ በሙያዬ አንድ ጥፋተኛ ካላገኘሁ ፋይል መዝጋት አልወድም።

ቢሮ የሒሳብ ሶፍትዌሩን፣ ፒችትሪን፣ ከፍቼ አንዱን ቫውቸር ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ። ቁጥሩን አየዋለሁ፣ አይገባኝም። አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ መዝግቤ ኦዲተር አገኘው። ማታ ከጓደኞቼ ጋር ድራፍት መጠጣት ለመድኩ። ሁለት ስጠጣ ትንሽ የቀለለኝ ይመስለኛል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን ዓይኔ ፍጥጥ ይላል፣ እስኪነጋ ጣሪያ አያለሁ። መጠጥ እንቅልፍን እንደሚሰባብርና ድባቴን እንደሚያብስ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢነግረኝም የምሰማ አይመስለኝም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ልጄ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን የሣለችውን ይዛ መጣች። ትልቅ ጭንቅላት፣ ቀጫጭን እግሮች፣ መነጽር። "አንተ ነህ" አለችኝ። "ጎበዝ" አልኳት። ውስጤ ግን ዝም አለ። ደስታ ሊመጣ ይገባው የነበረበት ቦታ ባዶ ነበር። እሷ ይህን አላወቀችም። እኔ አወቅሁ፣ ፈራሁም።

እና ሆዴ ያቃጥለኝ ነበር። እውነት ነው የምላችሁ፣ ያቃጥለኝ ነበር። አላስመሰልኩም። በኋላ ሳስበው ቋንቋችንም ይህንኑ ነው የሚለው። ሲከፋን ሆድ ይብሰናል። ስንፈራ ሆዳችን ባር ባር ይላል። ቶሎ የሚያዝን ሰው ሆደ ባሻ ነው፣ ታጋሹ ሆደ ሰፊ። የማይነገር ነገር ሲኖር "ሆድ ይፍጀው" እንላለን። የእኔ ሆድ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ብዙ የድባቴ ታማሚ ሐኪም ቤት የሚሄደው "ከፋኝ" ብሎ ሳይሆን ራሴን ያቃጥለኛል፣ ወገቤን ያመኛል፣ ድካም ድካም ይለኛል፣ ምግብ አይበላልኝም እያለ ነው። ሐኪሙም ቸኩሎ ከሆነ ለነገሩት ነገር መድኃኒት ያዛል።

ያልቸኮለው አራተኛው ነው። ወጣት ልጅ ነው፣ ከእኔ ቢያንስ ስምንት ዓመት ያንሳል። ያመጣሁትን የምርመራ ወረቀት ክምር አገላብጦ አየው። የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ ብቻ ጨመረ፤ ሁለቱም ድባቴ የሚመስል ነገር ሊያመጡ ስለሚችሉ ነው። ውጤቱ ደህና ሆነ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ "ለመሆኑ ምን ያስደስትዎታል?" አለኝ።

ዝም አልኩ። ዝምታው ረዘመ። ወንበሬ ሲንጫጫ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ዘጠኝ ጥያቄ ጠየቀኝ። መጠይቁ ዓለም ላይ ሁሉ የሚሠራበት ነው፤ በአማርኛም አለ። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ነው የሚጠይቀው። ለነገር ሁሉ ፍላጎት የማጣት፣ የመከፋት ወይም ተስፋ የመቁረጥ ስሜት ነበረብዎት? እንቅልፍስ? ድካም? የምግብ ፍላጎት? ራስን እንደማይረባ መቁጠር? ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል? ሰው እስኪያስተውል ድረስ መንቀርፈፍ ወይም መቁነጥነጥ? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል። ድምሩ ቢበዛ 27 ነው። የእኔ 19 ሆነ። እኔ ደግሞ ቁጥር ሳይ ነው የማምነው።

ዘጠነኛውን ጥያቄ ነጥዬ ልናገር። ብሞት ይሻለኛል ብለው ያውቃሉ ወይ ነው የሚለው። ማንም እንዲህ ፊት ለፊት ጠይቆኝ አያውቅም። ራሴን ልጉዳ ብዬ አላውቅም። ግን ስንት ሌሊት "ምነው ጠዋት ባልነቃ" ብያለሁ። ነገርኩት። አልደነገጠም፣ አልገሠጸኝም። ያሰቡት ዘዴ አለ ወይ፣ አብሮዎት የሚኖር ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መጠየቅ ሐሳቡን ይቀሰቅሰዋል ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው። አይቀሰቅሰውም። እኔን እንዲያውም ቀለል አድርጎኛል። እናንተ ግን ከምኞት አልፎ "እንዴት ላድርገው" ወደ ማለት ከደረሳችሁ ይህን ጽሑፍ ጨርሼ ልነሳ አትበሉ። አሁኑኑ ለአንድ ሰው ንገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ዛሬውኑ በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ሐኪሙ ወደ አእምሮ ሐኪም ሲጽፍልኝ ሆዴ ባር አለ። እኔ ያደግሁት "አማኑኤል ግባ" ስድብ በሆነበት ሰፈር ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ እዚያ መርካቶ አጠገብ ያለ፣ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ አንድ ብቻ የነበረ የአእምሮ ሆስፒታል ነው። ያ ሁሉ ሰው የታከመበት ቤት ስሙ ለስድብ መዋሉ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ዛሬ ጥቁር አንበሳም፣ ጳውሎስም፣ ዘውዲቱም የአእምሮ ሕክምና አለ፤ ወረፋው ቢረዝምም። የአእምሮ ሐኪሞች ስፔሻሊቲ ትምህርት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ልዩ ሙያውን የፈለገ ሐኪም ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። የሐኪሞቹ ቁጥር ለምን እንደሚያንስ ከዚህ ይገባችኋል።

ፍሉኦክሰቲን ታዘዘልኝ፣ 20 ሚሊ ግራም፣ ጠዋት ጠዋት። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት አቅለሸለሸኝ። ለውጥ ግን የለም። ልተወው ነበር። የአእምሮ ሐኪሟ ግን አስቀድማ "ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፤ ጎጂ ጎኑ ነው የሚቀድመው" ብላኝ ነበርና ጠበቅሁ። በአራተኛው ሳምንት ሌሊት 9 ሰዓት መንቃቱ ቀረ። ሱስ ያስይዛል የሚባለው እውነት አይደለም። በድንገት ማቋረጥ ግን ጥሩ አይደለም። ወደዚያ እመለሳለሁ፣ ሞክሬዋለሁና።

እናቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ስትሰማ "ዓይን ነው ልጄ፣ ዓይን በልቶህ ነው፤ ያንን ኪኒን ተውና ጸበል እንሂድ" አለች። ሄድኩ። ሰባት ቀን ተጠመቅሁ። እናንተም ከሆነላችሁ ሂዱ፤ ማንም ጸበል እንዳይሄድ አልመክርም። ኪኒኑን ግን ኪሴ ይዤ ነበር። የንስሐ አባቴን አማከርኳቸው። እሳቸው ሳቁ። "ኤችአይቪ ጊዜ እንዲሁ ስንባባል ነበር" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያኔ ጸበልና መድኃኒት አብሮ አይሄድም እየተባለ ስንቱ መድኃኒቱን አቋረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ሁለቱንም አብራችሁ መውሰድ ትችላላችሁ አሉ። "ዋጠው፣ ጸልይም" አሉኝ አባ። እናቴ ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ነው የሰማችው።

አሁን ወደ ቴራፒው ልምጣ። ሐኪሟ መድኃኒቱ ብቻ አይበቃም ብላ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ላከችኝ። አማርኛው "የምክር አገልግሎት" ነው የሚለው። እኔን ያስቀየመኝ ይኸው ቃል ነው። ምክር መች አጣሁ? አጎቴ፣ "ሚስት አለህ፣ ልጅ አለህ፣ ሥራ አለህ፣ ምን ጎደለህ?" ብሎኛል። ጓደኛዬ፣ "ጂም ግባ" ብሎኛል። አለቃዬ፣ "ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው፣ ራስህን አታሞላቅቅ" ብሎኛል። ሁሉም ለእኔ አስበው ነው፤ አለቃዬ እንኳ። አንዳቸውም ግን ካልሲውን አላስደረጉኝም።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ክፍል ከአንድ ፋርማሲ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ወንበር፣ ጠረጴዛ ላይ ሶፍት፣ ግድግዳ ላይ ሰዓት። ሃምሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ነች። "እርስዎ ልበል ወይስ አንተ?" አለችኝ። "አንተ ይበሉኝ" አልኳት። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ፊት ለፊት "እርስዎ" ነው የምላት። መጀመሪያ የምንነጋገረው ከዚህ ክፍል እንደማይወጣ ነገረችኝ፤ የራሴ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ብቻ እንደማትደብቅም ጨምራ።

ሃምሳ ደቂቃ ስናወራ ቆየን። በመጨረሻ "እና ምን ላድርግ?" አልኳት። "አንተ ምን ይመስልሃል?" አለችኝ። ደረጃውን ስወርድ ተናድጄ ነበር። ለዚህ ነው 600 ብር የከፈልኩት? ሁለተኛውን ቀጠሮ በግድ ሄድኩ። ሦስተኛውን ቀረሁ። ባለቤቴ ብሩ አስቀድሞ መከፈሉን ስታውቅ፣ "እንግዲያው እኔ እሄዳለሁ፤ የማወራው አላጣም" አለች። ከአፏ ሲወጣ ሁለታችንም ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ አልቀረሁም።

ለውጡ የጀመረው ከካልሲው ነው። ነገርኳት። ሌላ ሰው ቢሆን "ማታውኑ አዘጋጅተህ ተኛ" ይለኝ ነበር። እሷ፣ "ካልሲውን ስትይዝ በሐሳብህ የሚያልፈው ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ነገ ጠዋት ያዘውና ልብ በለው። ያለፈውን ሁሉ ጻፈው።"

ማስታወሻ ደብተር አልጋው አጠገብ አስቀመጥኩ። ጠዋት ካልሲውን ያዝኩ። "ዛሬም አልችልም። ቢሮ ስገባ ያውቁብኛል። አባቴ ቢኖር ያፍርብኝ ነበር።" ሦስት ዓረፍተ ነገር። አምስት ሰከንድ አልፈጁም። በየጠዋቱ እነዚህን እየሰማሁ ነበር ማለት ነው፤ ከመልመዴ የተነሳ አልሰማቸውም ነበር እንጂ።

ለዚህ ስም አለው፤ "አውቶማቲክ ሐሳቦች" ይሏቸዋል። አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ፊላደልፊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስተዋለው ነገር ነው። በዘመኑ ድባቴ ወደ ራስ የዞረ ቁጣ ነው ይባል ነበር። እሱም ይህንኑ ላረጋግጥ ብሎ የታማሚዎቹን ሕልም መረመረ። ያገኘው ግን ቁጣ ሳይሆን ሽንፈትና ማጣት ሆነ። ታማሚዎቹ ሳያስቡት ብልጭ የሚሉባቸው ስለ ራሳቸው፣ ስለ ዓለምና ስለ ነገ የሚናገሩ ጨለማ ሐሳቦች ነበሩ። ከዚያ ተነስቶ ነው ዛሬ ብዙ ቦታ የሚሰጠውን ሕክምና የሠራው። 100 ዓመት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2021 አረፈ። ቴራፒስቷ ይህን ሁሉ የነገረችኝ እኔ ስለጠየቅኋት ነው፤ እንዲሁ የምታወራ ሴት አይደለችም።

ከዚያ የእኔ ሙያ መጣ። ሐሳቡን በአንድ ዓምድ ጻፍ አለችኝ። የሚደግፈውን ማስረጃ በሁለተኛው፣ የሚቃወመውን በሦስተኛው። "ይሄማ ኦዲት ነው" አልኳት። "አዎ፣ ለአንተ ኦዲት ነው" አለችኝ። እኔ ደረሰኝ የሌለውን ወጪ አልመዘግብም። ከቢሮ ስንቱን ሰው "ደረሰኝ ይዘህ ና" ብዬ መልሻለሁ። ራሴን ግን "ሁሉም ሰው ሰነፍ እንደሆንኩ ያውቃል" ስለው ደረሰኝ ጠይቄው አላውቅም።

ጥሩ ጥሩውን አስብ የሚባለው ነገር አይደለም። ይህን ሰው ሁሉ ይሳሳተዋል። አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ መዝግቤያለሁ፤ እውነት ነው፣ ደረሰኝ አለው። "ሙያዬን አላውቅም" የሚለው ግን የለውም። ስለዚህ ማስተካከያ ይመዘገባል፦ ታምሜ ሳለ ተሳሳትኩ፣ ተገኘ፣ ተስተካከለ። በዚህ ብቻ ደስ አይልም። ግን ሒሳቡ ይዘጋል።

"አባቴ ቢኖር ያፍርብኝ ነበር" የሚለው ጋ ስንደርስ እጄ ቆመ። የሚደግፈው ዓምድ ባዶ ነው። በሌላው ዓምድ ምን ልጻፍ? አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አባቴ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ጢሙ አድጎ ነበር። በሳሙና አርሼ ላጨሁት። ስጨርስ ጉንጩን ዳሰሰና እጄን ያዘው። አልጋው አጠገብ ለነበረችው ነርስ "እንዲህ ያለ ልጅ አለሽ?" አላት። ይህን ለቴራፒስቷ እየነገርኩ ድምፄ ተሰበረ። በ2014 ያላለቀስኩትን እዚያ አለቀስኩ። "አይዞህ" አላለችም። "በቃ" አላለችም። ሶፍቱን ብቻ ወደ እኔ ገፋ አደረገች። ስድስተኛው ቀጠሮ ነበር። ከዚያ ወርጄ ፋርማሲው በር ላይ ቆሜ ራበኝ። እውነተኛ ረሃብ። ክትፎ በላሁ፣ በሚጥሚጣ። ጨጓራዬ ምንም አላለ።

ሌላው ሥራችን ደግሞ ሐሳብ ሳይሆን እግር ነው። "ስሜቱ ሲመጣ እወጣለሁ" እላት ነበር። እሷ፣ "ባትሪው የሞተ መኪና እንዴት ነው የሚነሳው?" አለችኝ። ተገፍቶ ነዋ። ሞተሩ እስኪነሳ ቆሞ የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ ትንንሽ ነገር መደብን። መጀመሪያ ከቤት እስከ ጉሊቱ ሄጄ ቲማቲም መግዛት፣ አሥር ደቂቃ። ከመሄዴ በፊት ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ ከ10 ገምቼ እጽፋለሁ፤ ስመለስ የሆነውን እጽፋለሁ። ግምቴ 1 ነበር። የሆነው 3። ሦስት ምን አላት ትሉኝ ይሆናል። ግን ግምቴ በተከታታይ አሥራ አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በበጀት ቋንቋ አንድ ሰው አሥራ አንድ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከተሳሳተ ሰውየው ላይ ችግር አለ። ትንቢቴን ማመን አቆምኩ።

አሁን የተሳሳትኩበትን ልናገር። በሦስተኛው ወር መጠይቁ ላይ 6 ሆንኩ። ድኛለሁ አልኩና መድኃኒቱን ለማንም ሳልነግር ተውኩ። ከወር ተኩል በኋላ አንድ ሰኞ ጠዋት ካልሲው እጄ ላይ ቀረ። የተሰማኝን ሐፍረት አልረሳውም። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ከተሻለ በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር መቀጠል እንዳለበት፣ ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ እየተባለ እንደሆነ ደግማ አስረዳችኝ። በዚህኛው ዙር ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ምን እንደሆነ አወቅሁት። ታይፎይድ ፍለጋ አልሄድኩም።

በጠቅላላው አሥራ ስምንት ቀጠሮ ሄጃለሁ። ውድ ነው፣ አልዋሽም። ሁለት ወር እቁብ አቋርጫለሁ። መንግሥት ሆስፒታል ዋጋው በጣም ያንሳል፣ ግን ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ሰው ያለው ጊዜ አጭር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረው መርሐ ግብር ኢትዮጵያም ስላለችበት፣ ድባቴን እንዲለዩና እንዲያክሙ የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ያሉባቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ። ከሰፈራችሁ ጀምሩ፣ ጠይቁ። የመጀመሪያው ባለሙያ ካልተስማማችሁ ደግሞ ቀይሩ። ከአንዱ ጋር አለመግባባት ቴራፒ አይሠራም ማለት አይደለም። የሚገሥጻችሁ፣ ሃይማኖታችሁን የሚያንኳስስ፣ ወይም ሃምሳውን ደቂቃ ስለ ራሱ የሚያወራ ካጋጠማችሁ ግን ያለ ይሉኝታ ውጡ።

አንድ የምወደውን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም አለ። አገሩ ያሉት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፣ ክፍልም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ አሥራ አራት አያቶችን አሠልጥኖ፣ ጤና ጣቢያ ግቢ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የከፋው ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል። አያቶቹ ይጠይቃሉ፣ ያዳምጣሉ፣ አንዱን ችግር መርጦ እንዲፈታ ያግዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ከስድስት ወር በኋላ አያቶቹ ጋ የተቀመጡት በተለመደው ክትትል ከቆዩት በጣም ተሽለው ተገኙ። እነሱ "ድባቴ" አይሉም። "ኩፉንጊሲሳ" ነው የሚሉት፣ ሐሳብ ማብዛት። የእኛ ሰፈር እናቶችም ስለ እኔ "ሐሳብ አብዝቶ ነው" ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ንቄያቸው ነበር።

ለቤተሰብ አንድ ነገር ልበል፣ ባለቤቴ ካደረገችው ተነስቼ። "በርታ" ማለት ትታ ነበር። በርታ ሲሉኝ ያልበረታሁት በእኔ ጥፋት ይመስለኛል። በምትኩ አጠገቤ ቁጭ ትልና "ቲማቲም አልቋል፣ አብረን እንሂድ?" ትለኛለች። እምቢ ካልኩ አትነዘንዝም። በማግስቱ ግን ደግማ ትጠይቃለች። የሐኪም ቀጠሮዬን ቀን እሷ ነበር የምትይዘው። ደግሞ እሷም ደክሟት ነበር። ያን ማንም አልጠየቃትም፣ እኔም ጭምር። አሁን እየጠየቅኋት ነው።

የልጄ ሥዕል ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። ጭንቅላቴ አሁንም ትልቅ ነው።

እናቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትደውላለች። እስከ ዛሬ "ድባቴ" የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ጎረቤት ይሰማል። "ጨጓራህ እንዴት ነው?" ነው የምትለኝ። መጀመሪያ ላይ "እማዬ፣ ጨጓራ እኮ አይደለም" እላት ነበር። አሁን ተውኩት፣ ገብቶኛል።

ባለፈው እሑድ "ሰሞኑን ነካክቶኛል" አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ከጀርባዋ ዶሮ ይጮሃል።

"ታዲያ ለሴትዮዋ አትደውልላትም?" አለችኝ።